እማማ ሳይጠሩ አይቀርብም

ባለፈው ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን ወጥ ቤት ውስጥ ድንገት ሳቅኩ። ባለቤቴ ታደለ ካረፈ ወዲህ ድምፄን አውጥቼ ስስቅ የመጀመሪያዬ ስለነበር እኔም ደነገጥኩ፣ አብረውኝ የነበሩት ልጆችም ደነገጡ። ለወጣቶች ጉባኤ ምሳ ሰላጣ እየተዘጋጀ ነበር። አንዷ ልጅ ቲማቲም ትቆርጣለች፣ ሌላዋ በየሳህኑ ትከፋፍላለች። የምታከፋፍለው ብቻዋን ስለሆነች አልደረሰችባትም። የምትቆርጠው ግን ቢላዋዋን አታሳርፍም። ቲማቲሙ ጎድጓዳውን ሳህን ሞላ፣ ድስቱን ሞላ፣ በመጨረሻ ትሪ ላይ ተቆልሎ ውሃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

«ኧረ ትንሽ እረፊ ልጄ» አልኳት።

«ሰው እየሠራ እኔ ቁጭ ልበል እንዴ፣ እትዬ ሂሩት?»

ያሳቀኝ ይህ መልስ ነው። ይህንኑ ቃል፣ በዚሁ የተቆጣ ድምፅ፣ ዌስተን በሚባል ሰፈር ስሠራ በወጣትነቴ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «ምነው እትዬ?» ሲሉኝ «ረጅም ነው» ብዬ አለፍኳቸው። ረጅሙ እንግዲህ ይኸውላችሁ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ለመማር ወደዚህ ፈረንጅ አገር መጥቼ ኢስት ዮርክ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ቤዝመንት፣ ምድር ቤት፣ ተከራይቼ እኖር ነበር። ቀን እሠራለሁ፣ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ። የምማረው የምርትና የሥራ ሂደት አመራር ይባላል። ጥሬ ዕቃ በአንድ በር ገብቶ፣ ተሠርቶ በሌላ በር እስኪወጣ ድረስ መሃል ላይ ያለው ሁሉ እንዴት እንደሚመራ የሚያስተምር ትምህርት ነው። መምህራችን የመኪና ፋብሪካ ምሳሌ ይወዳል። እኔ መኪና ሲገጣጠም አይቼ ስለማላውቅ በየምሳሌው መኪናውን አውጥቼ ሳምቡሳ እተካበት ነበር። ቀን የምውለው ሳምቡሳ ስንሠራ ነዋ!

ሥራ ቤታችን ዌስተን ውስጥ ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ ነበር። ከባስ ወርጄ በረዶውን እየረገጥኩ ስደርስ መጀመሪያ የጎማ ሽታ፣ ቀጥሎ የሚቁላላ ሽንኩርት ሽታ ይቀበለኛል። እስከ ዛሬ የመኪና ጎማ ሲሸተኝ ይርበኛል ብል ማን ያምነኛል? አምስት ሴቶች ነበርን። አልማዝ ሊጡን ትዳምጣለች። እንደ ወረቀት የሳሳውን ሊጥ ብረት ምጣድ ላይ ለአፍታ አሳርፋ፣ በረጃጅሙ ትቆርጣለች። ሁለቱ ምስሩን ይቀቅላሉ፣ ቃሪያና ሽንኩርት ይከትፋሉ። እማማ በለጡ ምስሩን በሊጡ ጠቅልለው፣ በውሃ የተበጠበጠ ዱቄት ጫፉን ቀብተው ያሽጋሉ። እኔ በካርቶን እየደረደርኩ ፍሪዘር አስገባለሁ።

የቤቱ ጌታ ታደለ ነበር፤ ያን ጊዜ ገና ባለቤቴ አልነበረም። እማማ በለጡ ደግሞ እናቱ ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ በአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ሳምቡሳ ሸጠው ነው ያሳደጉት። እሱም ስፖንሰር አድርጎ ሲያመጣቸው ይረፉ ብሎ ነበር። ሴንት ጄምስ ታውን በሚባል የፎቆች ሰፈር ውስጥ ከፍ ባለ ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር፤ ከመስኮቱ ሐይቁ ይታያል። እማማ ግን የመጀመሪያውን ዊንተር፣ የበረዶውን ወራት፣ ያሳለፉት በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነው። «ሊፍቱ ኪሊንግ ባለ ቁጥር ሰው የመጣብኝ እየመሰለኝ እነሣለሁ» ብለው አጫውተውኛል። «ሰው አይመጣም። በሩን ከፍቼ ምንጣፉን አይና እመለሳለሁ።» ታደለ ይህን ሲያይ ነው ከሥራው ለቆ ሳምቡሳ ቤቱን የከፈተው። ለንግድ ያሰበው ቢመስልም፣ እናቱን ከዚያ በር ለማንሣት ነበር።

የእማማ እጅ የተመሰከረለት ነው። ሦስቱ ማዕዘን በመርፌ የተሰፋ ይመስል ነበር። ነገር ግን ጣቶቻቸው አብጠዋል፣ ብርዱ ደግሞ ያሥራቸዋል፣ ስለዚህ ይዘገያሉ። ከሁላችን ዘግይተው የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ። ይህን ሁላችን እናውቃለን፤ የሚናገር ግን የለም።

እኛስ? እኛ ይሉኝታ ያዘን። እማማ ጎንበስ ብለው እየለፉ ከመሃላችን ማን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል? አልማዝ ለእማማ የሚበቃውን ከዳመጠች በኋላም ትዳምጣለች። «ቁጭ ብዬ ደመወዝ ልብላ?» ትላለች። ምስር የሚቀቅሉትም ሁለተኛ ድስት ይጥዳሉ። ሊጡ በእማማ ፊት እየተቆለለ አገጫቸው ጋ ይደርሳል። የውጭው አየር በዚያ ወቅት ደረቅ ነው፤ ማሞቂያው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይነፍሳል። ከክምሩ ሥር ያለው እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ከላይ ያለው ይደርቃል። እርጥብ ፎጣ አለበስነው፤ አልረዳንም። የደረቀ ሊጥ ሲታጠፍ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያወጣል፤ ፍሪዘር ውስጥ ዝም ይልና ዘይት ሲያገኝ ይፈነዳል።

ዋናው ገዢያችን ለመሥሪያ ቤቶች ምሳ የሚያቀርብ ድርጅት ነበር። የቀዘቀዘውን ወስዶ በራሱ ዘይት ይጠብሳል። አንድ ሰኞ ታደለን ጠሩት። ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ አፉን እየከፈተ ምስሩን ይተፋል፣ ዘይታቸውንም ያጠቁረዋል። አንድ ዕድል ሰጡት። የአርቡ ዕቃ እንደገና ከፈነዳ፣ ወይ እንደሌሎቹ ሳምቡሳ አቅራቢዎች የሚጠቀልል ማሽን ያስገባል፣ ወይ ሌላ ሰው ይፈልጋሉ።

በዚያን ዕለት ሥራ ስንጨርስ ወደ ሰብዌይ ባቡር ጣቢያ ሊያደርሰኝ በቫኑ ወሰደኝ። ሌላ ጊዜ ወሬኛ ነው፤ ያን ቀን ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም።

«ማሽኑን ማስገባት ከባድ ነው?» አልኩት።

«ማሽኑማ ይገኛል። ማሽኑ ሲገባ እማዬ ምን ትሠራለች? ‹በይ ቤት ተቀመጪ› ልላት ነው። ሊፍቱን ስትቆጥር ልትውል ነው።» ቀጥሎም፣ «አንቺ የምትማሪው ስለዚሁ አይደል? ምን ይላል ትምህርትሽ?» አለኝ።

የተማርኩትን እንደወረደ ነገርኩት። አንድ ሥራ የሚፈጥነው በጣም የሚዘገየው ቦታ የፈጠነውን ያህል ብቻ ነው። ጠርሙስ ሆዱ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ውሃው የሚወጣው በአንገቱ ልክ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን ለማለት ግን ፈራሁ።

«አንገቱ እናቴ ናት ማለት ነው?»

«እኔ...»

«እናቴን ጠርሙስ አልሻት!»

«አንገቱን ነው ያልኩት!»

ቫኑን ዳር አስይዞ እስኪያለቅስ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከሳቁ በኋላ ግን ለራሴም ግልጽ ያልነበረው ነገር አፌ ላይ መጣ። «ጥፋቱ የእሳቸው መዘግየት አይደለም። የእኛ መፍጠን ነው። እሳቸው ሳይፈልጉት ነው የምንቆልልባቸው። አልማዝ እማማ ሲጠሯት ብቻ ብትዳምጥ ሊጡ ትኩስ ይሆናል፣ አይሰነጠቅም።»

«አልማዝን ቁጭ በይ ልትያት ነው?» አለ። «እኔ የለሁበትም።»

እውነቱን ነበር። በማግሥቱ ሞከርኩት። «አልሚዬ፣ እማማ ያለውን እስኪጨርሱ ትንሽ አረፍ በይ» ብላት መዳመጫዋን አንሥታ አየችኝ። «ትናንት መጥተሽ ዛሬ አለቃ ሆንሽ? እኔ በሰው ፊት እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ ሴት አይደለሁም። እናቴ እንዲህ አላሳደገችኝም።» ለወጉ ያህል ቆማ ጠበቀችና ወዲያው ጀመረች። መጽሐፉ ውስጥ ሠራተኛ ሥራ ሲያጣ ይቀመጣል። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች አልማዝን አያውቋትም።

ዘዴው የመጣልኝ ምሳ ላይ ነው። ምሳችንን በአንድ ትሪ ዙሪያ እንበላ ነበር። በዚያ ቀን ጎመንና ድንች ነበር፣ አተር አተር የሚያህል ቃሪያ ጣል ጣል ተደርጎበት። እማማ ጸሎት ይወዳሉ። ለአገሩ ጸለዩ፣ ለታመሙት ጸለዩ፣ ለጎሚስታው ሰውዬ ሳይቀር ጸለዩ። ድንቹ ቀዘቀዘ። ቀና ብዬ አልማዝን አየኋት። ጠዋት ቁርስ እንዳልበላች ነግራናለች። እጇ ጭኗ ላይ ነው፤ ፊቷ ላይ ጭንቀትም እፍረትም የለም። እማማ አሜን ብለው፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ አፋቸው እስኪያደርሱ ማንም እጁን አልዘረጋም። መጠበቁ አላሳፈራትም። ታላቅ መጠበቅ ወግ ነዋ። ከታላቅ ቀድሞ እጁን የዘረጋ ነው የሚያፍረው!

ረቡዕ ጠዋት ሌሎቹ ሳይገቡ እማማ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጣቶቻቸውን ሞቅ ባለ ውሃ ነክረው ነበር።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት።»

«ለምኚኝ።»

«እርስዎ ሳይጠሩ ሊጥ ጠረጴዛው ላይ እንዳይቀርብ ብናደርግስ? እርስዎ ‹አምጡ› ሲሉ አልማዝ ትዳምጥ። ካላሉ ማንም እንዳይነካ።»

ከውሃው ቀና ብለው አዩኝ። «‹ቀርፋፋ ነዎት› ለማለት ይህን ሁሉ መዞር ምን አስፈለገሽ?»

«እኔ አላልኩም እማማ።»

«ብትዪስ? ውሸት ነው? ጣቴን እያየሽው።» እጃቸውን ከውሃው አውጥተው በልብሳቸው አደራረቁት። «እኔን የሚገርመኝ እናንተ ናችሁ። ያንን ክምር ባየሁት ቁጥር ‹አሮጊት፣ ፍጠኚ› የሚለኝ ይመስለኛል። ስቸኩል ደግሞ ጫፉን ደህና አድርጌ ሳልጫነው አልፋለሁ። ታደለ ማሽን ማሽን የሚለውንም ሰምቻለሁ። ጆሮዬ አልዘገየም።»

ከዚያ እማማ ፈገግ አሉ።

«አልማዝን ማን ያስቀምጣታል?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ ሌላ ማን ይችላታል!»

ለአርብ የሚሄደው ዕቃ ሐሙስ ይሠራል። ጠዋት ሁላችን ስንሰበሰብ እማማ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ሳልጠራ ሊጥ የሚያቀርብልኝ ሰው ካለ፣ ማዕዴን ሳልባርክ እጁን እንደዘረጋ ነው የምቆጥረው» አሉ። ይኸው ነው። ያንን ሁሉ ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ ስናየው ፈራን። የተከመረ ሊጥ ስናይ ሥራ ያለ ይመስለን ነበርና። እማማ «አምጪ» ይላሉ፤ አልማዝ የዳመጠችውን ትኩሱን ታቀርባለች፤ እማማ ያጥፋሉ፤ እንደገና «አምጪ» ይላሉ። መሃል ላይ ግን አልማዝ አላስቻላትም። ጀርባዋን ሰጥታን ቆየች።

«አልማዝ» አሉ እማማ ቀና ሳይሉ።

«አቤት እማማ።»

«ሹራብሽ ሥር ምን ወልደሽ ነው የሸፈንሽው?»

ጠረጴዛው ጥግ ያኖረችውን ሹራቧን ስናነሣው የተቆለለ ሊጥ ተገኘ። አልማዝ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች፤ «እጄ እምቢ አለኝ!» እያለች እሷው ቀድማ ሳቀች። ያንን ሊጥ ሰብስባ ጣለችና፣ ተመልሳ በዚያ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስትቀመጥ ጉልበቷ ቋ አለ። ስንት ዓመት ቆማ እንደኖረች ያኔ ነው የታወቀን።

ታደለ ካርቶን ገዝቶ ሲገባ ሴቶቹ ተቀምጠዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ምንም የለም። ካርቶኑ ከእጁ ወደቀ። «ምን ሆናችኋል? ሰው ሞተ? ነገ እኮ ነው!»

«አንተ ዝም በል» አሉት እማማ። «ተራህ ሲደርስ እጠራሃለሁ።»

ምሳ ሳይደርስ ሌላ ነገር ሆነ። ክምሩ ከፊታቸው ሲነሣላቸው እማማ የራሳቸውን እጅ ለማየት ጊዜ አገኙ። «ሂሩት፣ ነይ እስቲ» አሉኝ። «ዱቄቱን መቀባቱ ነው ጣቴን የሚያደክመው። አንቺ ቀቢ፤ እኔ አጥፋለሁ፣ እጫናለሁ።» ከዚያ በፊት «ልርዳዎት» ያለቻቸው ሁሉ «ገና አልሞትኩም» ተብላ ነው የተመለሰችው። አሁን ግን አዛዡ እሳቸው ናቸው። ሥራውን ማንም አልወሰደባቸውም፤ እሳቸው ናቸው ቆርሰው የሰጡት። ጎን ለጎን ተቀምጠን እኔ ስቀባ እሳቸው ሲያጥፉ፣ ፀሐይ በበረዶው ላይ ሳትጠልቅ የመጨረሻውን ካርቶን ዘጋን። ሌላ ሐሙስ ቢሆን ገና መሃሉ ላይ በሆንን ነበር።

አርብ ጠዋት ታደለ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። የድርጅቱ አብሳይ እፊቱ ሊጠብሰው ነው። «እንዳለቀ ኮል አደርጋለሁ» ብሎን ነበር። ሁላችንም ስልኩን ስናይ እማማ ብቻ አላዩትም። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው ተቀመጡ። ማሞቂያው እየነደደ ለምን ካፖርት እንደለበሱ ገባኝ። ሂዱ ሳይባሉ ለመሄድ ነው የተዘጋጁት።

ስልኩ ጮኸ። አልማዝ ዘላ አነሣችው። ሰማች፣ ግራ ገባት፣ ደግማ ሰማች፤ ጎሚስታውን ፈልጎ የደወለ ሰው ነው። «ጎማ የለንም! ኖ ታየር!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር።

ታደለ ሳይደውል ቀረ። ከብዙ ቆይታ በኋላ የቫኑ በር ሲዘጋ ሰማን። ገባ። ጫማው ላይ ያለውን በረዶ እንኳ አላራገፈም። በናፕኪን የጠቀለለውን ነገር ይዞ ቀጥ ብሎ እናቱ ዘንድ ሄደና ጭናቸው ላይ አስቀመጠው። አንድ የተጠበሰ ሳምቡሳ ነበር፤ ወርቅ መስሎ፣ ሦስቱም ማዕዘን እንደተጫነ።

«አንድም አልፈነዳም» አለ። «አንድ እንኳን፣ እማዬ! ለሚቀጥለውም ሳምንት አዘዋል። ማሽን የሚባል ነገር አላነሡም።»

አልማዝ እልል አለች። ጎሚስታው ሰውዬ ምን ተፈጠረ ብሎ በበሩ አንገቱን አስገባ። ታደለ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ይሳቅ ያልቅስ አልለየሁትም። እማማ ሳምቡሳውን ከሁለት ገምሰው አዩት፣ አሸተቱት፣ ቀመሱት፣ ቀስ ብለው አላመጡት።

«ጨው አንሶታል» አሉና ካፖርታቸውን አወለቁ።

በቀጣዩ ዓመት ከታደለ ጋር ተጋባን። ሳምቡሳ ቤቱ ብዙም ሳይሰፋ፣ ሳይዘጋም ለዓመታት ኖረ። ኋላ ላይ ለሌሎች ሸጥነው። እማማ እስከ መጨረሻው ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ። ጣቶቻቸው ጨርሰው ማጠፍ ሲያቅታቸው አጣፊዎቹን አጠገባቸው አስቀምጠው እየመረመሩ «አምጪ» ይሉ ነበር። እሳቸው ሳይሉ የሚቀርብ አልነበረም። በእርጅና፣ በአልጋቸው ላይ፣ ሰው ከቦአቸው ነው ያረፉት።

እኔ ኋላ ትልልቅ ቦታ ሠርቻለሁ። የተማርኩትን ትምህርት በብዙ ስም ሲጠሩት ሰምቻለሁ። ሰው ምን ያህል ሠራ ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። ያለጊዜው የተሠራ ሥራ በማን ላይ ይቆለላል ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላየሁም። ይህ ትምህርት ሲነሣ ዛሬም የሚታየኝ የእማማ ባዶ ጠረጴዛ ነው።

ታደለ ታሞ ሳለ አንድ ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ሲያይ ቆየና፣ «ያን ጊዜ እማዬን ቤት ተቀመጪ ብያት ቢሆን ኖሮ አሁን እዚያ እሷ ዘንድ ስደርስ ምን እላት ነበር?» አለኝ።

«አላልካትም» አልኩት።

«አላልኳትም» አለ። ትንፋሹን ረጅም አድርጎ ለቀቀው፣ ዓይኑን ከደነና እንደ ሕፃን ልጅ እንቅልፍ ወሰደው።

አሁን ብቻዬን ስሆን ጸጸት ከያለበት እየመጣ ይጎበኘኛል። ሐኪም ዘንድ ቀደም ብለን ብንሄድ፣ ያንን በጋ አገር ቤት ብንሄድ፣ አንድ ቀን የተናገርኩትን ባልናገር እላለሁ። እያንዳንዱን አስተናግጄ እሸኘዋለሁ። እማማን ከዚያ ወንበር አስነሥተን ቢሆን የሚመጣው ጸጸት ግን ከእነሱ መካከል የለም። እጠብቀዋለሁ፤ አይመጣም። ያን ጊዜ እኔም ትንፋሼን ረጅም አድርጌ እለቃለሁ።